ክር እየበጠሰ ያስቸገረ ሣር ማጨጃ፦ ለአንድ ግቢ ትክክለኛውን መቁረጫ የመምረጥ ጉዳይ

«ክር የማይበጥስ፣ ጠንካራ ጭንቅላት የትኛው ነው?» ጭንቅላት የተባለው ከሣር ማጨጃው ዘንግ ጫፍ ላይ እየተሽከረከረ ሣሩን በናይለን ክር የሚቆርጠው ክፍል ነው። ጉዳዩ የተከፈተው በዚህ አጭር ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ሊያጥር አልቻለም፤ ማሽኑ ሲፈተሽ በጭንቅላቱ ላይ የተለጠፈው ጥፋት አብዛኛው የሌላ ሆኖ ተገኘ።

ማሽኑ ባለ ሁለት ምት፣ 26 ሲሲ ሞተር ያለው፣ ዘንጉ ቀጥ ያለ፣ በትከሻ የሚነገት ሣር ማጨጃ ነው። ከዘንጉ ጫፍ የማርሽ ቤት አለው። የእጅ መያዣው እንደ ቀለበት የታጠፈ ነው። አብሮት የመጣው ጭንቅላት ሁለት ክር ያወጣል፤ እየዞረ ታቹን መሬት ነካ ሲያደርጉት ክር ይለቃል። የተሠራውም ለ2.4 ሚሊ ሜትር ናይለን ክር ነው።

ግቢው 1,200 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። 700 ካሬው በሚገፋ ማሽን የሚታጨድ አጭር ሣር ስለሆነ ከጉዳዩ ውጭ ነው፤ ለትከሻ ማሽኑ የሚቀሩለት ጠርዞቹ ብቻ ናቸው፣ በግንቡ ሥርና በተነጠፈው መንገድ ዳር የሚወጣው ሰርዶ ማለት ነው። ቀጥሎ 90 ሜትር የሽቦ አጥር አለ። ከአጥሩ ወዲያ 400 ካሬ ተዳፋት ይወርዳል፤ ሣሩ ወገብ ደርሶ አገዳ አብጅቷል፣ ሥሩ ድንጋይ ነው። ከተዳፋቱ ግርጌ 60 ካሬ የሚያህል እሾሃማ ቁጥቋጦ አለ፤ ግንዱ ከእርሳስ ውፍረት ተነሥቶ እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በየቦታው ደግሞ 14 የፍራፍሬ ችግኞች ቆመዋል።

ባለቤቱ እስከዚያ ድረስ ሁለት ነገር ሞክሯል። ክሩ በየአምስት ደቂቃው ሲበጠስበት መጀመሪያ ውድ የሆነውን ባለ አራት ማዕዘን ክር ገዛ፤ ባሰበት። ከዚያ 3 ሚሊ ክር የሚጎርስ፣ «ለሁሉም ማሽን ይሆናል» የተባለ ጭንቅላት ገጠመ። የክሩ መበጠስ ጋብ አለ፣ ነገር ግን ሞተሩ መታፈን፣ ፍሪሲዮኑም የተቃጠለ ሽታ ማምጣት ጀመረ። ሦስተኛው ሐሳቡ ከብረት ሰንሰለት የተሠራ ጭንቅላት መግዛት ነበር። ጥያቄው የመጣው እዚህ ላይ ነው።

የተበጠሰበት ቦታ ምን ይላል

ክር ሲበጠስ ሰው ሁሉ የሚያየው ስንት እንደቀረ ነው። መታየት ያለበት ግን የት እንደተበጠሰ ነው። ጫፉ እንደ መጥረጊያ ተበታትኖ ቀስ በቀስ የሚያጥር ክር ምንም አልሆነም፤ ግንብና ድንጋይ እየላጨው ሥራውን እየሠራ ነው። ከመውጫ ቀዳዳው አፍ ላይ ቁርጥ ብሎ የሚሄድ ክር ከሁለት አንዱ ደርሶበታል፦ ወይ ደርቆ ተሰባሪ ሆኗል፣ ወይ ቀዳዳው ስል ጠርዝ አውጥቷል። ከውጭ ምንም የማይታይ፣ ቢመቱት ቢመቱት የማይወጣ ክር ደግሞ ውስጥ ላይ እርስ በርሱ ተጣብቋል።

በዚህ ማሽን ሁለተኛውም ሦስተኛውም አብረው ነበሩ። የመጀመሪያው ጭንቅላት ሲከፈት ከሁለቱ መውጫዎች የአንዱ የብረት ቀለበት ወልቆ ጠፍቷል። ክሩ በባዶው ፕላስቲክ ላይ ሲታሽ የራሱን ውፍረት የሚያህል ቦይ ቆፍሮ፣ የቦዩ ከንፈር በጣት ሲነካ እንደ ጥፍር ይቧጭራል። ማጠንጠኛው (ጭንቅላቱ ውስጥ ክሩ የሚጠቀለልበት ክፍል) ሲወጣ ክሩ ተሰልፎ አልተጠቀለለም፤ አንዱ ዙር በሌላው ላይ እየተሻገረ ሄዷል። በተሻገረባቸው ቦታዎች ሁሉ ክሩ ቀልጦ ጠፍጣፋ ሆኗል፣ ሁለቱን ለማላቀቅ ቢላ አስፈልጓል።

ናይለን በሙቀት የሚለሰልስ ነገር ነው። ክሩ ውጭ ጠንካራ ነገር በመታ ቁጥር ንዝረቱ ወደ ውስጥ ገብቶ የተደራረቡትን ዙሮች ያፋትጋል። በደንብ ተጠብቆና ጎን ለጎን ተሰልፎ ከተጠቀለለ የሚፋተግበት ቦታ አያገኝም። ላላ ብሎ ወይም ተሻግሮ ከሆነ ግን መፋተጉ ወደ መጣበቅ ይሄዳል። ባለ አራት ማዕዘኑ ክር «ባሰበት» የተባለውም በዚህ ነው፤ ማዕዘኖቹ ሣር ላይ እንደሚነክሱ ሁሉ ማጠንጠኛው ውስጥም እርስ በርስ ይነካከሳሉ፤ ለመዞርም ከክቡ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃሉ። ማዕዘን ያለው ክር ትልቅ ሞተር ላይ፣ ወፍራም ሣር ላይ ጥሩ ነው። ለትንሽ ማሽንና ለግንብ ሥር ክቡን የሚተካከለው የለም፤ ድንጋይ ሲነካ ቶሎ አይሰነጠቅም፣ ከቀዳዳውም ሳይንገራገጭ ይወጣል።

የተደበቀው ጥፋት

ዋናው ነገር የተገኘው ግን ጭንቅላቱ ውስጥ አልነበረም። ፕላስቲኩ መከላከያ ሽፋን ተነቅሎ መጋዘን ተቀምጧል። ምክንያት ሲጠየቅ ረጅሙ ሣር ሥሩ እየተጠቀጠቀ ስላስቸገረ ነው። ይህ በብዛት የሚደረግ ነገር ነው፤ የሚያስከፍለው ግን ድንጋይ እግር ላይ መምታቱን ብቻ አይደለም።

በዚያ መከላከያ ጠርዝ ላይ ትንሽ ምላጭ አለች። ሥራዋ ከልክ በላይ የወጣውን ክር መቁረጥ ነው። በዚህ ማሽን ምላጯ ክሩን ከመሃል 21 ሳንቲ ሜትር ላይ ታስቆመዋለች። መከላከያው ሲነሣ ጭንቅላቱን በመቱት ቁጥር ክሩ ያለ ከልካይ ይወጣል፤ ሲለካ 25 ሳንቲ ሜትር ደርሶ ተገኝቷል። አራት ሳንቲ ሜትር ምንም ላይመስል ይችላል። ነገር ግን የሚሽከረከር ክር ከአየር ጋር ለመታገል የሚበላው ጉልበት፣ ዙሩ እኩል ሆኖ ሳለ፣ ከርዝመቱ አራተኛ ኃይል ጋር ያድጋል፤ 25ን ለ21 አካፍሎ ውጤቱን አራት ጊዜ በራሱ ማባዛት ነው። መልሱ 2 ይመጣል። ማለትም ሞተሩ አንዲት ሣር ሳይነካ፣ አየር ለመቅዘፍ ብቻ እጥፍ ጉልበት እያወጣ ነበር።

በዚህ ላይ 3 ሚሊ ክር ተጨመረበት። የክሩ ስፋት ከ2.4 ወደ 3 ሲሄድ አየር የሚገፋው ፊት በ25 በመቶ ይሰፋል፤ ሁለቱ ሲባዙ ሞተሩ ከተሠራለት 2 ተኩል እጥፍ የአየር ጭነት ተሸክሟል። የክሩ ክብደትም በሜትር 56 በመቶ ይጨምራል፤ በዚያው ልክ የማርሽ ቤቱን ኩሽኔታ ይጎትታል። ፍሪሲዮኑ በዙር ብዛት የሚይዝ ስለሆነ ሞተሩ ሲታፈን ግማሽ ይዞ ግማሽ ይንሸራተታል፤ ያ ሽታ የመጣው ከዚህ ነው። በተጨማሪ 2.4 ሚሊ ክር 5 ሜትር የሚይዝ ማጠንጠኛ 3 ሚሊውን ከ3 ሜትር ብዙም አልፎ አይይዝም፤ እንዲህ ያለው «ጠንካራ» ጭንቅላት ከእጅ አይሻል ዶማ ሆኖ ያርፋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔ አዲስ ጭንቅላት አለመግዛት ሆነ። መከላከያው ተመለሰ፣ ሁለቱም የመውጫ ቀለበቶች ተቀየሩ፣ ክሩ ወደ 2.4 ክብ ተመለሰ። የተረፈው አሮጌ ክርም አልተጣለም። ናይለን ውሃ ይመጥጣል፤ ለረጅም ጊዜ ደረቅ ቦታ ሲቀመጥ እርጥበቱን ያጣና እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ይላል። ለ24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሲወጣ ታጥፎ የማይሰበር ሆኗል።

አጠቃለሉ ይህን ተከተለ። 5 ሜትር ክር ተለክቶ ተቆረጠና ለሁለት ታጠፈ፤ አንደኛው ወገን ከሌላው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲረዝም ተደርጎ እጥፋቱ በማጠንጠኛው መሃል ባለችው ጎድጓዳ ስንጥቅ ተሰካ። ማጠንጠኛው ላይ ቀስት አለ፤ ጥቅሉ ቀስቱ ወደሚያሳየው ይሄዳል። ወደ ተቃራኒው የጠቀለለ ሰው ጭንቅላቱ ሲዞር ክሩ ራሱን እየጠቀለለ ወደ ውስጥ ሲገባ ያየዋል። ሁለቱ ክሮች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ወለል፣ ጎን ለጎን፣ በአውራ ጣት እየተጠበቁ ይሄዳሉ፤ አንዱ ድርብርብ ሳይሞላ ወደ ሁለተኛው አይዘለልም። ከማጠንጠኛው ጠርዝ በታች ጥቂት ሚሊ ሜትር ባዶ መቅረት አለበት፤ እስከ አፉ የሞላ ማጠንጠኛ ሞላው ሲጫን አይንቀሳቀስም፣ ክርም አይለቅም። መጨረሻ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ጫፍ ተትቶ በየስንጥቁ ይያዛል፣ በመውጫው ያልፋል፣ ክዳኑ ቀጭ እስኪል ይገፋል። ክዳኑ ሳይገጥም የቀረ ጭንቅላት ሥራ ሲጀምር ሞላውንና ማጠንጠኛውን ሣር ውስጥ ይበትናል፤ ያቺን ሞላ ሣር ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ደግሞ ሌላ የቀን ሥራ ነው።

ተዳፋቱ

ክሩ ተስተካክሎ እንኳ ተዳፋቱን አይችለውም። ክር የሚቆርጠው በፍጥነት ነው፤ በደቂቃ 7,000 ዙር ላይ ጫፉ በሰከንድ 154 ሜትር ይበርራል፤ ለስላሳ ሣር ከዚያ ፍጥነት ፊት አይቆምም። አገዳ ያበጀ ሣር ግን ክሩን ያቀዘቅዘዋል፣ ይታጠፍለታል፣ ረጅሙ ቅጠልም ከጭንቅላቱ በላይ ባለው ዘንግ ላይ ይጠመጠማል። እዚህ የሚያስፈልገው ክብደት ያለው ስለት ነው፣ የብረት ቢላ።

ከብረት ቢላዎቹ መካከል የተመረጠው 230 ሚሊ ሜትር፣ ባለ አራት ጥርስ የሣር ቢላ ነው። ባለ ብዙ ጥርሱ ክብ መጋዝ ለግንድ የተሠራ ነው፤ ሣር በጥርሶቹ መሃል ሲሞላው መቁረጡን ትቶ መፈተግ ይጀምራል። ባለ ሦስት ጫፍ ወፍራሙ የቁጥቋጦ ቢላ ደግሞ ከባድ ስለሆነ ለ26 ሲሲ ይበዛበታል። ጥርሱ ጥቂትና በመሃሉ ሰፊ ክፍተት ያለው ቢላ ለረጅም ሣር ይሻላል፤ ድንጋይ በበዛበት ቦታ ሌላም ጥቅም አለው፣ አራት ጥርስ ሞርዶ ለመጨረስ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ፕላስቲክ ቢላ የሚወዛወዝበት ጭንቅላትም ታስቦ ነበር። ለለስላሳ አረም ጥሩ ነው፣ ዋናው ጥቅሙም የክር ጣጣ የለውም። ድንጋዩ ግን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል።

ችግሩ የተፈጠረው ሲገጠም ነው። ቢላው መሃሉ ላይ 25.4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አለው። ማሽኑ ላይ ቢላው የሚቀመጥበት ሳህን ጉብታ ግን 20 ሚሊ ነው። የሁለቱ ልዩነት 5.4 ስለሆነ ቢላው በየትኛውም አቅጣጫ 2.7 ሚሊ ከመሃል ሊርቅ ይችላል፤ በዓይን ሲያዩት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ዳዶው ሲጠብቅም «ያዘ» ያሰኛል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው፦ 400 ግራም የሚመዝን ቢላ 2.7 ሚሊ ከመሃል ወጥቶ በደቂቃ 7,000 ዙር ሲዞር በየዙሩ ወደ 60 ኪሎ የሚጠጋ ጉተታ ይፈጥራል። በአጭር ጊዜ ኩሽኔታ ይበላል፣ እጅ ያደነዝዛል፣ ቢላውንም ከቀዳዳው ዙሪያ ሊሰነጥቀው ይችላል። መፍትሔው ከብዙ ቢላዎች ጋር አብሮ የሚመጣ ቀጭን ማጥበቢያ ቀለበት ነው፤ ውጪው 25.4፣ ውስጡ 20። እዚህም ቀለበቱ በማሸጊያው ውስጥ ነበር፤ ምን እንደሆነ ስላልታወቀ ተጥሎ ሊቀር ነበር።

ቢላው ከተቀመጠ በኋላ በእጅ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ጠርዙ ከማርሽ ቤቱ ያለው ርቀት በዙሪያው ሁሉ እኩል ካልሆነ ቢላው ታጥፏል ወይም ጉብታው ላይ አልተቀመጠም። ከቢላው ሥር የሚገባው ሳህንና ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጽዋ የሚመስል ክፍል (መሬት ላይ የሚንሸራተተው) ቅደም ተከተላቸው አይዛባም።

ዳዶው የግራ ጥርስ ነው። ቢላው ከላይ ሲታይ ወደ ግራ ስለሚዞር ሣሩ በተቃወመው ቁጥር ዳዶውን ይበልጥ ያጠብቀዋል፤ የቀኝ ጥርስ ቢሆን ኖሮ በሥራ ላይ ይፈታ ነበር። ስለዚህ ለመፍታት መፍቻው የሚዞረው ሌላ ዳዶ ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው «ዛገ» ብሎ በቱቦ እያስረዘመ ሲጎትት ቡሎኑን ይበጥሰዋል። ዘንጉ እንዳይዞር የላይኛው ሳህን ቀዳዳ ከማርሽ ቤቱ ቀዳዳ ጋር ይገጣጠምና ቀጭን ብረት ይገባበታል፤ ሥራው ሲያልቅ ብረቱ መውጣቱን ማየት ግድ ነው። የዳዶው ውስጥ ናይለን ቀለበት አለው። በዚህ ማሽን ዳዶው በባዶ እጅ እስከ መጨረሻው ሲዞር ተገኝቷል፤ ያ ማለት ናይለኑ አልቋል፣ አይይዝም፤ ተቀየረ።

ስለ ቡሎን ጥርስ አንድ ነገር መጨመር ይገባል፣ «ለሁሉም ይሆናል» የተባለው ጭንቅላት በዚህም በኩል ጣጣ ነበረውና። እንዲህ ዓይነት ጭንቅላቶች ከብዙ ዳዶና ቡሎን ጋር ይመጣሉ። የብዙ ማሽኖች ቡሎን 10 ሚሊ፣ የግራ ጥርስ ነው፣ ነገር ግን የአንዳንዱ የጥርስ ርቀት 1.25፣ የሌላው 1 ሚሊ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ በቡሎኑ ላይ አሥር ጥርስ ቆጥሮ ርዝመቱን መለካት፤ 12.5 ሚሊ ከሆነ የመጀመሪያው፣ 10 ሚሊ ከሆነ ሁለተኛው ነው። የተሳሳተው ሁለት ዙር ያህል ገብቶ ይጠብቃል፤ እዚያ ላይ መፍቻ ከተጨመረበት የዘንጉ ጥርስ ይላጫል። በእጅ ብቻ እስከ ታች መግባት አለበት።

ወደ ብረት ቢላ ሲኬድ የሚቀየረው ቢላው ብቻ አይደለም። የክር መከላከያው ከነምላጯ ወጥቶ የብረት ቢላው መከላከያ ይገባል። ቀለበት መያዣ ባለው ማሽን ላይ ደግሞ እግር ወደ ቢላው እንዳይጠጋ የሚከለክል አግዳሚ ብረት ከመያዣው ጋር መታሰር አለበት፤ ይህ ማሽን ብረቱ ነበረው፣ ግን አልታሰረም ነበር። በመጨረሻ ቢላው ላይ የተጻፈው የዙር ጣሪያ ከማሽኑ ዘንግ ዙር በላይ መሆኑ ይታያል፤ ያልተጻፈበት ቢላ አይገጠምም። ማንገቻው ቢላው ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ራሱን ችሎ እንዲንጠለጠል ተስተካከለ፤ እጅ የሚሸከም ሳይሆን የሚመራ ብቻ እንዲሆን።

አስተጫጨዱም ሁለት ዙር ሆነ። መጀመሪያ ቢላው ከመሬት 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ተደርጎ ላዩ ብቻ ታጨደ፤ ከቀኝ ወደ ግራ ሲወዛወዝ ይቆርጣል፣ የታጨደው ቀድሞ በጸዳው ላይ ይወድቃል። ሣሩ ተሰብስቦ ሲወጣ ድንጋዮቹ ታዩ፤ ከጡጫ የሚበልጡት ተለቀሙ። ሁለተኛው ዙር 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ሄደ፤ ከዚያ በታች በቢላ አልተሞከረም። በቀሩት ድንጋዮች ዙሪያ የተረፈው አጭር ሣር በማግስቱ በክር ተላጨ። እንዲህ ሲሠራ ረጅም ሣር ዘንግ ላይ መጠምጠሙ ቀረ ማለት ይቻላል፤ የሚጠመጠመው ሣር ከሥሩ ተቆርጦ በሙሉ ቁመቱ ሲወድቅ ነውና።

ቢላ ሲሠራ አንድ ክልል ይፈራል። ቢላውን ከላይ እንደ ሰዓት ገበታ ካየነው፣ ከሠራተኛው ፊት ለፊት ያለው 12 ሲሆን፣ በ12 እና በ3 መካከል ያለው ጠርዝ ጠንካራ ነገር ሲነካ ማሽኑን በድንገት ወደ ጎን ይወረውራል። የሚሠራው በግራ በኩል ባለው ጠርዝ ነው። ሌላ ሰው ቢያንስ 15 ሜትር ይርቃል።

ቁጥቋጦውና ሰንሰለቱ

ለ60 ካሬው ቁጥቋጦ የተሰጠው መልስ ባለቤቱን አላስደሰተም፦ በዚህ ማሽን አይሆንም። ክብ መጋዝ ቢላ 4 ሳንቲ ሜትር ግንድ ይቆርጣል፤ ግን የብስክሌት መሪ የመሰለ ሰፊ መያዣና ከ26 ሲሲ የሚልቅ ሞተር ይፈልጋል። በቀለበት መያዣ የተያዘ መጋዝ ግንድ ውስጥ ሲነከስ የሚይዘው ኃይል የለም። እርሳስ የሚያህለው ቅርንጫፍ በሣር ቢላው ተጠረገ፤ ከአውራ ጣት በላይ የሆነው በእጅ መጋዝና በረጅም እጀታ መቀስ ተቆረጠ። 60 ካሬ ነው፣ የአንድ ቀን ሥራ። ለአንድ ቀን ሲባል ማሽን መስበር አያዋጣም።

ሰንሰለቱ ጭንቅላት ግን አማራጭ ውስጥም አልገባም። እርስ በርስ የተያያዙ የብረት ክፍሎች ሲሽከረከሩ አንዷ ቀለበት ብትበጠስ እንደ ጥይት ትወጣለች፤ የሣር ማጨጃ መከላከያ እንዲህ ያለውን ነገር ለማቆም አልተሠራም። የአውሮፓ ኮሚሽን በጃንዋሪ 2012 ባሳለፈው ውሳኔ የአባል አገሮች ገበያ እንዲህ ዓይነቶቹን ተያያዥ የብረት መቁረጫዎች እንዳያስገባ አግዷል። በናይለን ክር ፈንታ የሽቦ ገመድ የሚያስገቡም አሉ፤ ጥፋቱ አንድ ነው፣ የሽቦው ጫፍ በየጊዜው እየተበጠሰ ይበርራል።

አጥሩና ችግኞቹ

አጥሩ ላይ ከክር ሌላ ምርጫ የለም፤ ብረት ቢላ ሽቦ ከነካ ይጠመጥመዋል። ችግሩ የክሩ ጫፍ በሽቦው ቀዳዳ ገብቶ መያዙ ነው። እዚህ የረዳው ነገር ሦስት ነው። ነዳጅ መስጫው እስከ ግማሽ ብቻ መጫኑ፤ ጭንቅላቱ ጥቂት ዘመም ብሎ ጫፉ ከሽቦው ሁለት ጣት ርቆ መሄዱ፣ የቀረውን ሣር የአየሩ ግፊት ያመጣዋል፤ አጥሩን ደግሞ በቀኝ አድርጎ መሄድ። ጭንቅላቱ ወደ ግራ ስለሚዞር በቀኝ በኩል ያለው ክር ከሰውየው ወደ ፊት ይሸሻል፤ ጠጠርና ቁራጭ ወደ ፊት ይሄዳል እንጂ ጉልበት ላይ አይመጣም። በግራ ቢሆን ሁሉም ወደ ሠራተኛው ይመለስ ነበር። 90 ሜትሩ ሁለት ሙሌት ክር ወሰደ።

14ቱ ችግኞች ግን ክርም አልተፈቀደላቸውም። ባለቤቱ «ክር እኮ ለስላሳ ነው» ይላል፤ ሦስቱ ችግኞች ላይ ከመሬት አራት ጣት ከፍ ብሎ ቅርፊታቸው ዙሪያውን ተልጦ ነጭ እንጨት ይታይ ነበር። ቅጠሉ የሠራውን ምግብ ወደ ሥር የሚያወርደው ከቅርፊቱ ሥር ያለው ቀጭን ሽፋን ነው። እሱ ዙሪያውን ከተቆረጠ ዛፉ ለተወሰነ ጊዜ ለምልሞ ይቆይና ሥሩ በረሃብ ይሞታል፤ ስለዚህ ክሩን የሚጠረጥረው የለም። በየችግኙ ዙሪያ 30 ሳንቲ ሜትር በእጅ ተነቅሎ ከተዳፋቱ የታጨደው ደረቅ ሣር ተነጠፈበት፤ ግንዱን እንዳይነካ ጥቂት ርቆ። ማሽኑ ከዚያ ክብ አይገባም።

ከሥራው በኋላ

ተዳፋቱ ሲያልቅ የቢላው አራት ጥርሶች ጠርዝ ክብ ሆኖ ነበር። ቢላው ሁለት ፊት ስላለው ተገልብጦ ሊገጠም ይችል ነበር፤ አንዱ ጥርስ ግን ድንጋይ ነክቶ ጎድሎ ስለተገኘ ተወርዶ ተሞረደ። በጠፍጣፋ ሞረድ፣ የነበረውን ዝንባሌ ጠብቆ፣ ለእያንዳንዱ ጥርስ እኩል ቁጥር ተመታ። የጎደለውን አንዱን ብቻ ማሳል ቢላውን ያዛባል፤ ሌሎቹ ሦስቱ እስኪስተካከሉት ይሞረዳሉ። ከዚያ በካቻቢቴ ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ታየ፤ ሁልጊዜ አንዱ ወገን ወደ ታች የሚዞር ከሆነ ያ ወገን ከባድ ነው። በመጨረሻ ተንጠልጥሎ በትንሽ ብረት ኳ ተደረገ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ የታፈነ ድምፅ ስንጥቅ ይጠቁማል። የተሰነጠቀ ቢላ አይበየድም፣ የታጠፈም አይቃናም፤ ይጣላል።

የማርሽ ቤቱ ቡሎን ተፈትቶ ሲታይ ግራሶው ደርቆ ጥቂት ቀርቶ ነበር፤ ቀድሞ በነበረው ጭነት ከዚህ የተለየ አይጠበቅም። ሦስት አራተኛው እስኪሞላ ተጨመረ፤ ሙሉ በሙሉ ቢሞላ ሲሞቅ ጎማውን ገፍቶ ይወጣል። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ መስጫው ሳይጫን ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ) ጭንቅላቱ ቀስ እያለ ይዞር ስለነበር የካርቡሬተሩ ሚኒሞ ቪቴ ወደ ግራ እየተመለሰ ጭንቅላቱ እስኪቆም ተስተካከለ፤ ሞተሩ ዙሩን ቀንሶም ጭንቅላቱ የማይቆም ቢሆን የፍሪሲዮኑ ሞላ ተዘርግቷል ማለት ነበር።

3 ሚሊው ጭንቅላት ወደ ሻጩ ተመለሰ። መከላከያው ሥር ሣር መጠቅጠቁ ግን አልቀረም፤ ጠዋት ጤዛ ሳይለቅ ሲታጨድ ዛሬም ይሞላል፣ ያኔ ማሽኑ ይጠፋና በእንጨት ይጫራል።